የታርያይ ሰም

ላም የሚያልብ ሰው ሌላ ፍቅር መያዝ የለበትም ይል ነበር አማቴ። ላም በቀን ሁለቴ ትታለባለች፤ እሑድ አታውቅ፣ በዓል አታውቅ፣ የውድድር ቀን አታውቅ። እኔና ባሌ ታርያይ ግን ስኪ የሚሉትን፣ እግር ላይ ረጅም ጣውላ አስሮ በረዶ ላይ የመንሸራተት በሽታ ይዘን ነው የተጋባነው። አሥራ ሁለት ላሞችና ሁለት የስኪ እብዶች በአንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር ማን ማንን እንደቻለ እስካሁን አላውቅም።

በኖርዌይ እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱ ውድድር አለው፣ የኛም መጋቢት ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነስቶ ተራራውን ወጥቶ ማዶ ሸለቆ ይወርዳል፤ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር። በተመደበለት ሰዓት ውስጥ የገባ ሰው አንዲት የብር ማንኪያ ይሸለማል። ሱቅ ውስጥ ብትቀመጥ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ማንኪያ ናት። እኛ ጋ ግን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገርለት ስንት ማንኪያ እንደነበረው ነው።

ሁለታችንም በአንድ ቀን መሄድ አንችልም ነበር። ማን ያልባል? ስለዚህ በተጋባን ማግስት ሕግ አወጣን። አንድ ዓመት እሱ ይሮጣል፣ አንድ ዓመት እኔ። ቤት የሚቀረው ያልባል፣ ልጅ ይይዛል፣ የሚሮጠውንም ስኪ ሰም ይቀባል፤ ሯጩ ማታ ሲመለስም ስኪውን የሚጠርገው ቤት የቀረው ነው።

ሰም መቀባት ቀልድ አይደለም። ከእግር ሥር የሚቀባው ሰም ዳገት ላይ በረዶውን ነክሶ ይይዛል፣ ሜዳ ላይ ይለቃል፣ ለየብርዱም የየራሱ ሰም አለው። ካልያዘ ሰው ሽቅብ ሲወጣ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከያዘ ደግሞ በረዶው ከሥር እየተጋገረ ስኪው አይነሳም። ስኪን ለሌላ ሰው እጅ መስጠት የዓመት ልፋትን መስጠት ነው።

ታርያይ በዚህ ጉዳይ አንቱ የተባለ ነበር። በውድድሩ ዋዜማ ሰዎች ስኪያቸውን በብብታቸው ይዘው፣ “ነገ ምን እንቀባ?” እያሉ ኩሽናችን ድረስ ይመጡ ነበር። እሱ ሙቀት መለኪያውን ያያል፣ መስኮት ከፍቶ በረዶውን በጣቱ ያሻል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ያስጠብቃቸዋል። ማስጠበቁን ይወደው ነበር። እነሱም ካልሲያቸው በምድጃው ላይ እየጨሰ ቆመው ይጠብቁታል። የዚያን ዘመን ኩሽናዬን እንዴት እንደምወደው! ወለሉ በቀለጠ በረዶ ይርሳል፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ማንም አይሰማኝም። ዛሬም የረጠበ ሱፍ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል።

ታርያይ ዘጠኝ ማንኪያ ነበረው፣ አሥር መክተቻ ባላት በቀይ ከፈይ በተለበጠች ሳጥን ውስጥ። እኔ አንድም አልነበረኝም። አንዱ ዓመቴ እርግዝና ሆነ፣ አንዱ ትኩሳት፣ አንዱን ዳግሩስ የምትባለው ላማችን በውድድሩ ጠዋት ምጥ ይዟት ቀረሁ። ሰው ሁሉ “ለኦስኔ ማንኪያ ሳይሆን ጭልፋ ነው የተጻፈላት” ይለኝ ነበር። እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ተራዬ ደረሰ። ያን ክረምት ከማታ እልበት በኋላ የራስ መብራት አስሬ፣ ልጃችንን ራግናን በሸርተቴ እየጎተትኩ ሽቅብ ቁልቁል ስል ነው የከረምኩት። እንደዚያ ጠንክሬ አላውቅም። በውድድሩ ጠዋት መለኪያው ዜሮ ላይ ቆሟል። ዜሮ የሰም ቀቢ መቃብር ነው፤ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ቢል ሌላ ሰም፣ ትንሽ ዝቅ ቢል ሌላ። ታርያይ ብዙ አሰበና ሰማያዊውን ደረቅ ሰም ስስ አድርጎ ቀባልኝ።

“ከላይ አዲስ በረዶ ይጥላል” አለኝ። “ታች ቢያንሸራትትሽ እንዳትደነግጪ። ስምንት ኪሎ ሜትር ብቻ ታገሺኝ።”

ታገሺኝ ነበር ያለው። ሰሙን ታገሺው አላለም።

መነሻው ላይ የመንገዱን በረዶ ተጋግሮ እንደ መስታወት ተንጣሎ አገኘሁት። ልሞክር ብዬ ብረግጥ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። ደግሜ ብረግጥ ያው ነው። አጠገቤ አንድ የከተማ ሰው የሐኪም ቦርሳ የመሰለ ሣጥኑን ከፍቶ ሙጫ የምንለውን ቀይ ተጣባቂ ሰም ከቱቦ እያወጣ ስኪው ላይ ይቀባል። ሙጫ ለተጋገረ በረዶ ነው፤ አዲስ በረዶ ካገኘው ግን ሁሉንም ይሰበስባል። ይህን በሸለቋችን ሕፃን ልጅ ያውቃል።

“እመቤት፣ ዜሮ ላይ ሙጫ ነው። ሌላው ተረት ነው” አለኝ።

ለመነሳት ስድስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። የባሌን ሰም በቢላ ፍቄ ጥዬ የዚያን የማላውቀውን ሰውዬ ሙጫ ተቀባሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለኔ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ድረስ በረርኩ። ከዛፉ መስመር በላይ ስወጣ፣ ልክ ታርያይ እንዳለው በረዶው መጣል ጀመረ፣ ወፍራምና ለስላሳ። ሙጫው አንድም ሳያስቀር ሰበሰበው። ስኪዬ ከሥሩ የድንጋይ ያህል ከበደኝ። በዱላ እየመታሁ፣ እየፋቅሁ፣ እያለቀስኩ ገባሁ። ማንኪያዋ በሁለት ደቂቃ አመለጠችኝ።

ሰዓት የሚይዘው ጎረቤታችን ጉኑልፍ ነበር፤ አፉ በር የለውም። “ምነው ኦስኔ፣ በረዶውን ጠቅልለሽ ይዘሽልን መጣሽ?” አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። “ማነው የቀባልሽ?”

“ታርያይ” አልኩ።

ሰው ሳቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔን ግን እኔ አውቄዋለሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት። መልሼ ልውጠው እችል ነበር፣ አልዋጥኩትም። ደክሞኝ ነበር፣ አፍሬ ነበር፣ ጥፋቱ የሌላ ሰው እንዲሆን ፈለግሁ። ሯጮችን ወደ ቤት የሚመልሰው አውቶቡስ ጀርባ ተደብቄ ሙጫውን እጄ እስኪላጥ ፍቄ አጠፋሁት።

ቤት ስደርስ ታርያይ አልቦ ጨርሷል። ወሬው ቀድሞኝ በስልክ ገብቷል።

“አስቸገረሽ አሉ” አለኝ።

“ተጋገረብኝ።”

ትንሽ አየኝ። “እንግዲያው አወፈርኩት ማለት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው” ብሎ ስኪውን ሊጠርግ ወደ ጋጣው ይዞት ወጣ።

ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ላም ወለደች። ፋሲካ ላይ እነግረዋለሁ አልኩ። ፋሲካ ላይ እንደ ልማዳችን ተራራው ላይ ወጥተን፣ ጀርባችንን ለጎጆው ግድግዳ ሰጥተን፣ ፀሐይ እየሞቅን ብርቱካን ላጥን። ራግና በመካከላችን ተኝታለች። እንዲህ ያለውን ቀን በገዛ እጄ ላበላሽ? ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ተራው የታርያይ ነበር፣ አሥረኛዋ ማንኪያ። እሱ ግን የኔን ስኪ አውርዶ ሰም መቀባት ጀመረ። “አንቺ ሩጪ። ያምናውን ልካስሽ” አለኝ። እኔም ተካስኩ! ሮጥኩ፣ ማንኪያዬን ይዤ ገባሁ። በዚያው መኸር ጫካ ውስጥ ግንድ ተንከባሎ የታርያይን ጉልበት ሰበረው፤ ሁለተኛ አልሮጠም። የሳጥኑ አሥረኛ መክተቻ ባዶውን ቀረ።

ከዚያ የባሰው ግን ኩሽናው ነው። በዋዜማው የሚመጣ ጠፋ። ለሚስቱ ያልሆነ ለማን ይሆናል አሉ። ሰው ዳገት ላይ ሲንሸራተት “ታርያይ ነው እንዴ የቀባልህ?” ማለት የሸለቆው ቀልድ ሆነ። ዋዜማው በመጣ ቁጥር ታርያይ በር በሩን እያየ ጋዜጣውን ይገልጣል። ወለሌ ደረቅ ሆኖ ይውላል። እኔም ደረቁን ወለል እያየሁ ኖርኩ።

አሁን ከብቱን የያዘችው ራግና ናት። ላሞቹን ማሽን ያልባቸዋል፤ ማሽኑን ግን ሰው ካልጠበቀው አንዱን ቀን ይገግማል፣ ስለዚህ ሕጋችን አልተሻረም። አንድ ዓመት እሷ፣ አንድ ዓመት ባሏ ፍሬድሪክ። ባለፈው መጋቢት ተራው የሷ ነበር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ስኪዋን ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

“እማዬ፣ አንቺ ቅቢልኝ። ፍሬድሪክ የኦስሎ ልጅ ነው፤ ሰሙን እንደ ቅቤ ነው የሚቀባው። ዳቦ መሰልኩት እንዴ?”

ታርያይ ከመስኮቱ ሆኖ መለኪያውን አየ። “ዜሮ ነው። ነገም ዜሮ ነው፣ ከላይ ይጥላል” አለ። “ሰማያዊውን፣ ስስ አድርጋችሁ።”

ራግና ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም። “አባዬ፣ እንደምወድህ ታውቃለህ። ዜሮ ላይ ግን አንተን አልሰማም። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ‘አባትሽ ነው የቀባልሽ?’ እያሉ ስንቴ እንዳስለቀሱኝ ረሳኸው?”

“ልክ ነሽ” አላት ፈገግ ብሎ፣ ወደ ጋዜጣውም ተመለሰ።

ያቺን “ልክ ነሽ” መቋቋም አቃተኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የቻልኩትን በሁለት ቃል ናደው።

“ራግና፣ ቁጭ በይ” አልኳት። “አባትሽ አልተሳሳተም። ያን ቀን ሰሙን ፍቄ ሙጫ የቀባሁት እኔ ነኝ። ማነው የቀባልሽ ሲሉኝም ዋሸሁ።” ሁሉንም ተናገርኩ፣ የከተማውን ሰውዬ፣ አውቶቡሱን፣ ቢላውን። ታርያይን ማየት አልቻልኩም።

“አውቃለሁ” አለ ከጋዜጣው ጀርባ።

“ምኑን?”

“ሙጫውን ነዋ። ስኪውን የጠረግኩት እኔ አይደለሁ? ከስኪው ሥር መሃል ለመሃል ባለው ቦይ ውስጥ ቀይ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቢላ እዚያ አይገባም፣ አንቺ።”

“ይህን ሁሉ ዘመን እያወቅህ ዝም አልከኝ?”

“ዝም አይነቅዝም።”

“አሥረኛዋ ነበረች እኮ! ዓመትህን ለምን ሰጠኸኝ?”

ጋዜጣውን አጠፈ። “እኔ ዘጠኝ ነበረኝ። አንቺ አንድም አልነበረሽም።” ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ። “ደግሞ ትነግረኛለች ብዬ ነበር። ፋሲካ ላይ ትነግረኛለች አልኩ።”

“የቱ ፋሲካ?”

“የቱ እንደሆነማ አልወሰንኩም።”

በልብሴ እጅጌ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ራግና ብድግ አለች። “እናንተ ሰዎች!” አለች፤ “እኔን እኮ ነው ያስለቀሱኝ፣ እናንተን አይደለም!” በሩን በላዬ ላይ አላትማው ወጣች። በመስኮት ሳያት ሰዎች ተሰብስበው ሰም ወደሚቀቡበት ወደ ስኪ ክበቡ አዳራሽ ነበር እየተንደረደረች የምትወርደው።

“ተቀየመችኝ” አልኩ።

“ትቀየም፣ መብቷ ነው። ስኪዋን ግን ትታልን ሄዳለች” አለ ታርያይ። ከመሳቢያው ሰማያዊውን ሰም አወጣና እያነከሰ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው አይደለም። በሩ ተከፈተና ጉኑልፍ ገባ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በሌላው የልጅ ልጁን ስኪ ይዟል። ከኋላው አራት ሰዎች ስኪያቸውን በብብታቸው እንደያዙ ገቡ። ራግና ዓይኗ ቀልቶ፣ እጇን አጣምራ፣ መጨረሻ ላይ በሩን ዘጋችባቸው።

“ታርያይ” አለ ጉኑልፍ።

“ጉኑልፍ” አለ ታርያይ።

“ልጅህ ጆሮዬን ጎትታ ነው ያመጣችኝ።”

“አየሁ፣ ቀልቷል።”

ጉኑልፍ ጉሮሮውን ጠራረገ። “መቼስ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነው።”

“ያንተ ንጋት ትንሽ ዘገየ።”

ማንም አልሳቀም። ጉኑልፍ ኮፍያውን አወለቀ። “እንግዲህ…” አለ፣ “ነገ ምን እንቀባ?”

ታርያይ የራግናን ስኪ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ከአንድ ሰዓት በፊት ያነበበውን መለኪያ እንደ አዲስ ጎንበስ ብሎ አነበበው። መስኮቱን ከፈተ፣ ከደፉ ላይ በረዶ ቆንጠር አድርጎ በጣቶቹ መካከል አሸ፣ ሽቅብ ወደ ተራራው አየ። ከዚያ ዝም አለ። ከሰዎቹ ጫማ የቀለጠ በረዶ እየተንጠባጠበ ወለሌ ላይ መፍሰስ ጀመረ።

የጉኑልፍ እግር መንቀጥቀጡን አይቼ አሳዘነኝና ወንበር ሳብኩለት። ታርያይ ዞር አለና በዓይኑ ያዘኝ።

“ይጠብቅ” አለኝ በሹክሹክታ።

ወንበሩን መልሼ ከጠረጴዛው ሥር አስገባሁት።