የባቡር ሰው ልጅ

ኑ ልጆቼ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ፤ የአዋሽ ፀሐይ እንኳን ለእናንተ ለግመልም አትራራም። በጃንሆይ ጊዜ ስለነበረ አንድ ቦክሰኛ ላውጋችሁ። ሻምፒዮን መስሏችሁ ግን አትጓጉ።

ናስር ይባላል። አባቱ ቃሲም ከየመን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። አማርኛ የለመደው ከደንበኞቹ ነው፤ ደንበኞቹ ደግሞ ሴቶች ስለሚበዙ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። የጣቢያውን ሹም ሳይቀር «ደህና አደርሽ?» ይላቸዋል። ከተማው በሳቅ ይፈርሳል። ከወሎ የመጣው፣ ከሐረር የመጣው፣ ሁሉም አማርኛን በየፊናው ሲሰባብር ውሎ፣ ቃሲም ሱቅ ሲደርስ የሰዋስው መምህር ይሆናል።

ናስር ጎርመስ ሲል ከከተማው ራቅ ያለ ጥጥ እርሻ ተቀጠረ። እዚያ የሚያውቀው የለም። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት «የባቡር ሰው ልጅ» አለ። ምን ያድርግ፤ የባቡር ሰው ኮፍያና ፊሽካ አለው፤ የእሱ አባት ያለው ስኳርና ላምባ ነው።

የእርሻው መካኒክ ይልማ ቦክስ አስተማረው። ቃሲም ሲሰማ ጮኸ፦ «አንቺ ናስር! እኔ ባሕር የተሻገርኩት አንቺ አፍንጫሽ እንዲሰበር ነው? ወላሂ መጥቼ አላይሽም!»

ናስር በልቡ «አልሐምዱሊላህ» አለ። አባቱ ካልመጣ ውሸቱን ማን ይነካዋል?

የጥጥ ለቀማው ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ድግስና የቦክስ ግጥሚያ አዘጋጁ። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት የደበደበው ሠራተኛ እርስ በርሱም እንዲደባደብ በደግነታቸው ፈቀዱለት። ሽልማቱ ከሻይ ብርጭቆ እምብዛም የማይበልጥ ዋንጫ ነው። ሀምዳ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩ፣ «ማን የማንን ግመል ወሰደ?» አሉ።

«ኧረ ማንም!» አላቸው አንዱ ሠራተኛ።

ሽማግሌው ሳቁ። ለእርሻው ሲባል ግጦሽ የተወሰደባቸው እሳቸው፣ የሚደባደቡት ሌሎች።

ናስር የገጠመው ደስታው የሚባለውን የትራክተር ነጂ ነው፤ ሰውየው ራሱም ትራክተር ያክላል። ቡጢው ሲጋጋል ከጥጥ መኪና ላይ አንድ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ዱብ አለ።

«ናስር! ፊትሽን ሸፍኚ! ግራሽን አንሺ!»

ሜዳው ፈነዳ። «ደስታው፣ ሴት ነው እንዴ የምትገጥመው?» አለ አንዱ። ናስር ድምፁን ለይቶ ዞር ሲል የደስታው ቡጢ አገጩ ላይ አረፈ። ተዘረረ። ዳኛው ራሱ በሳቅ መቁጠሩ ጠፋበት።

ቃሲም «ልጄ ናት!» እያለ በገመዱ ሥር ሊሾልክ ሲል ይልማ ደረቱን ያዘው። «ምን አገባህ አንተ? የልጁ አባት የባቡር ሰው ነው!»

ቃሲም ልጁን አየው። ናስር ዓይኑን ሰበረ። አባትየው ገባው።

«እሺ... እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ባለሱቅ ነኝ። ልጁ ደንበኛ ናት፤ ስኳር ትገዛኛለች።» አንገቱን ደፍቶም ወደ መኪናው ዞረ።

ዝም ቢል ይበቃው ነበር ናስር። ዕድሜ ልኩን የባቡር ሰው ልጅ ሆኖ በኖረ። ግን በጉልበቱ ተንበረከከና አፉ ውስጥ የሞላውን ደም ተፋ።

«አባቴ ናት!»

ሳቁ እንደገና ሊነሣ ሲል፣ «አባቴ ናት አልኩ! የሚስቅ ካለ ከደስታው ቀጥሎ ይሰለፍ!»

የተሰለፈ የለም። የሁሉም የሰዋስው ፍቅር ድንገት ቀዘቀዘ።

ከዚያማ ደስታው እንደገና ዘረረው፣ ዋንጫውንም ወሰደ። ቃሲም የልጁን ፊት በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ «አልኩሽ አይደል» አለ።

አደራ ልጆቼ፣ የደስታውን ድል ብትረሱ ቅር አይለኝም። ናስር በጉልበቱ ተንበርክኮ ያላትን ቃል ግን አስታውሱልኝ።