ሃያ ዘጠኝ ዓመት

እታለማሁ ከቤት ከወጣች ጀምሮ አንጀቷ አርሯል። ባሏ ቢሻው ግን ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ከፊት ከፊት ይራመዳል። የልጅ ልጃቸውን ሕይወትን ሊድራት ለሰው ቃል ገብቷል። መምህሮቿ "ገና ልጅ ናት" ብለው ስላስቸገሩት፣ አሥራ ስምንት ሞልቷታል የሚል የልደት ሰርተፍኬት ሊያወጣላት ቀበሌ መምጣቱ ነው። ስትወለድ እትብቷን የቆረጠችው እታለማሁ ስለሆነች፣ እሷው ምስክር ሆና ትፈርምለታለች። እንዲያ ብሎ ማመኑ ራሱ ድፍረት አይደለም?

ጸሐፊው ምስጋናው ፎርሙን ሞልቶ ቀለሙን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። "አሥራ ስምንት ነው አይደል፣ እናቴ?"

እታለማሁ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች። ሕይወት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ያቺን ጣት ታያለች። ጣቷ ወረቀቱን ከነካች ልጅቷ አበቃላት።

"እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው" አለች እታለማሁ።

"የእርስዎን እኮ አልጠየቅኩም።"

"ጠይቀኝ እንጂ! እናቷን ሸጋን ስወልድ አሥራ አምስት ነበርኩ። ሸጋ ዛሬ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ይህች አሥራ ስምንት ከሆናት፣ ሸጋ በስንት ዓመቷ ወለደቻት? የተማርከው አንተ ነህ፣ ቀንስልኝ እስቲ!"

ምስጋናው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "በአሥር" አለ ቀስ ብሎ።

ቢሻው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "አፍሽን ዝጊ፣ አታዋርጅኝ" አላት በአገውኛ። ምስጋናው አገውኛ አይሰማም። እሷ ግን መልሱን በአማርኛ፣ ያውም ውጭ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ሰጠችው።

"አልዘጋም! ሸጋን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሲድሯት ዘግቼልዎት ነበር። እኔና የልጅ ልጄ የምንበላለጠው በሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ይህ እናትና ልጅ የሚበላለጡበት ዕድሜ ነው! ይህችም በሠላሳ ዓመቷ አያት ትሁንልዎ?"

የቢሻው ፊት በላብ ተጠመቀ። "አንቺንም ስወስድሽ፣ ደርሳለች ብለውኝ ነው" አለ፣ አሁን እሱም በአማርኛ።

"ዓይንዎስ? ዓይንዎ የት ነበር?"

እታለማሁ የጠቆረ አውራ ጣቷን ነጩ ጋቢ ላይ፣ ልክ ደረቱ ጋ፣ አጥብቃ ጫነችው።

"ይኸው፣ ፈረምኩልዎ" አለችና የሕይወትን እጅ ያዘች። "ነይ ልጄ፣ የከሰዓቱ ትምህርት እንዳያመልጥሽ።"