የጋሽ ሽመክት የክርስትና ስም

የብርቅዬ ጥፋት አላውቅም አለማለቷ ነው። በአባቷ ቀብር ዕለት ቄስ አሥራት ለፍትሐቱ "የክርስትና ስማቸው ማን ነው?" ብለው ሲጠይቋት፣ ለቀስተኛው ሁሉ ከቧት ያያታል። የአርባ አራት ዓመት ሴት የአባቴን ስም አላውቅም ልትል ነው? "ወልደ ሰንበት" አለች።

ከሜዳ አላነሣችውም። ጋሽ ሽመክት ሰበታ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠፈር ልጆችን እግር ኳስ ያሠለጠነ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ቱታውን ለብሶ፣ ነጠላውን በላዩ አጣፍቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ስም እየጠራ ይጸልያል። ከዚያ የልጅ ልጁን ያኔትን በአንድ እጁ፣ ኳሶቹን በሌላው ይዞ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሜዳ ይወርዳል። ብርቅዬ አልጋዋ ውስጥ ሆና ስትሰማው የኖረችው የመጀመሪያው ስም ሁልጊዜ ወልደ ሰንበት ነበር። ሰው መቼም ከራሱ ነው የሚጀምረው ብላ አሰበች። አባቷን እያወቀችው እንዲህ ማሰቧ ይገርማል።

አርባው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የጋሽ ሽመክት ቡድን የጥንቱ በረኛ ወንዲ ድንኳን ሊተክል ከተጂ መጣ። ቄስ አሥራትም የነገውን ሊነጋገሩ ብቅ ብለው ነበር። ማስታወሻቸውን ገልጠው "ለወልደ ሰንበት ነው አይደል?" ሲሉ ወንዲ የያዘውን ካስማ አስቀመጠ።

"አባ፣ ወልደ ሰንበት እኮ እኔ ነኝ።"

"ሞክሼ ትሆናላችኋ" አለች ብርቅዬ።

"የለም። ጋሽ ሽመክት የሁላችንንም የክርስትና ስም ጠይቀው ይዘዋል። ሲጸልዩልን በአሰላለፍ ነው። ከበረኛ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ።" ወንዲ አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። "ታዲያ እስካሁን ስትፈቱት የከረማችሁት እኔን ነዋ።"

ሊያስቃቸው ብሎ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ብርቅዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። አባቷን ባዶ እጁን እንደሸኘችው ገባት።

የአባቷን የጠዋት ጸሎት በቃሏ ልታስታውስ ሞከረች። አሥራ አንዱ፣ ተቀያሪዎቹ፣ ከዚያ የሞተችው እናቷ፣ እሷ፣ ያኔት። እዚያ ላይ አሜን ይላል። ራሱ የለበትም።

መንዝ ላለችው አክስቷ ደወለች። "እኔ እሱ ክርስትና ሲነሣ ገና አልተወለድኩም" አለቻት አክስቷ። "እኛ ሽሜ ነው የምንለው። የሚያውቁት ሁሉ ሞተው አልቀዋል።" የነፍስ አባቱም ዐምና ዐርፈዋል፤ ቄስ አሥራት በእሳቸው ቦታ የመጡ ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ቄስ አሥራት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወልደ ሰንበት የሚለውን ሰርዘው፣ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ጠበቋት።

"ምን ልበል ልጄ?"

"እግዜር ያውቀው የለም ወይ አባ?"

"እሱማ ያውቃል። እኔ ነኝ የማላውቀው። ስም ከጠፋ ገብርከ፣ አገልጋይህ፣ ብለን እናልፋለን።"

"አገልጋይህማ ሁሉም ሰው ነው" አለች ብርቅዬ። እንባዋ መጣ። "እኔ የማውቀው አባዬ የሚለውን ብቻ ነው። እሱን ይበሉልኝ።"

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። "እሱ ያንቺ ነው ልጄ። ጸሎቱ ውስጥ አይገባም።"

ደወል ተደወለ፤ ገቡ። ብርቅዬ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ጆሮዋን አቀናች። የሙታኑ ስም ይጠራ ጀመር። ገብርከ የሚለው ቃል ለካ በየወንዱ ስም ፊት ይገባል፤ ገብርከ እገሌ፣ ገብርከ እገሌ እየተባለ ሄደ። አንዴ ቃሉ ብቻውን የመጣ መሰላት። አባቷ ይሁን፣ ወይስ ቄሱ ትንፋሽ ለመውሰድ አቋርጠውት ይሁን፣ መለየት ሳትችል ጸሎቱ አለቀ።