አርባ ስድስተኛው ሰው

በክልሉ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ የምትይዘውን ሴት ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፈ ጉባኤው ወንበር ግርጌ ተቀምጣ የሰው ንግግር ስትጽፍ አንድ ቃል አጉድላ ወይም ጨምራ አታውቅም። የዚያን ቀን ጉዳይ ግን የራሷን ቤት ያንኳኳ ነበር።

ለውሳኔ የቀረበው የጀልባ ሕግ ነው። የፌዴራሉ ምክር ቤት በሐይቅ ላይ ሰው የሚያጓጉዝ ሁሉ የተሳፋሪውን ደህንነት እንዲጠብቅ በጥቅሉ ደንግጎ ዝርዝሩን ለክልሎች ትቶታል። የክልሉ ረቂቅ ደግሞ ነገሩን ቁርጥ አደረገው፦ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ የመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ ከልክ በላይ መጫንም ክልክል። ሁለት ጊዜ ተነቦ፣ በቋሚ ኮሚቴ ተበጥሮ፣ የቀረው የመጨረሻው ድምፅ ብቻ ነበር። የሚዛን አባት ጀልባ ቀዛፊ ናቸው። ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድማቸውን ከልክ በላይ የተጫነ ጀልባ ይዞባቸው ሰጥሟል። ጠዋት ሲሸኟት «እንግዲህ ዛሬ ነው አይደል?» ነበር ያሏት።

ሃያ ያህል አባላት ከጠዋቱም አልመጡም ነበር፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ አዳራሹ ይበልጥ ሳሳ። ከጀልባ ባለቤቶች ጋር የሚወዳጁት አባላት አንድ በአንድ ሹልክ ይሉ ጀመር፤ አንዱ ስልክ መጣብኝ ይላል፣ ሌላው ጨጓራውን ይዞ ይወጣል። በድምፅ እንደማያሸንፉ ስላወቁ ወንበራቸውን ባዶ ማድረግ መረጡ። ከዘጠና አንዱ አባላት አርባ ስድስቱ ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤ የለም፤ ያ ከሌለ ደግሞ ሕግ የለም።

ሚዛን ቆጠረች። አርባ አምስት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው።

አፈ ጉባኤው ድምፅ ለማሰጠት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ብድግ ብላ ወደ ጆሯቸው ተጠጋች። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል።»

ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ልጄ፣ አጎትሽን የቀበርነው አብረን አይደል? ማን ይቆጥራል ብለሽ ነው?»

«እኔ እቆጥራለሁ» አለች። «ዛሬ በአርባ አምስት ብናጸድቀው ነገ የባለቤቶቹ ጠበቃ ፍርድ ቤት ሄዶ በአንድ ወረቀት ይንደዋል። ልፋታችንን ውሃ በላው ማለት ነው። ደንቡ ደወል ተደውሎ ሩብ ሰዓት ይጠበቅ ይላል፤ እንጠብቅ።»

አፈ ጉባኤው ጉባኤው እንዲጠብቅ አዘዙ።

ደወሉን ሌላ ጊዜ ዘበኛው ነካ አድርጎ ይተወዋል። ሚዛን ግን ራሷ ሄዳ ቁልፉን ተጭና ያዘችው። ከኮሪደሩ እስከ ግቢው በር አስተጋባ። ዐሥር ደቂቃ አለፈ፤ ዝር ያለ ሰው የለም።

በዐሥራ ሦስተኛው ደቂቃ በሩ ተከፈተና ከአባላቱ አንዱ የሆኑት ጡረተኛው መምህር ብቅ አሉ። ረቂቁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲሞግቱ የኖሩ ናቸው፤ «ደሃውን ቀዛፊ ሰደርያ ግዛ ማለት ሥራህን ልቀቅ ማለት ነው» ባይ። ሹልክ ካሉት አንዱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ክንዳቸውን ይጎትታል።

«መምህር፣ ምን ነካዎት? እርስዎ ከገቡ እኮ ያልፋል!»

«እኔ የምቃወመው ሕጉን እንጂ ምክር ቤቱን አይደለም» አሉት። «የመረጡኝ ሰዎች ተቃወም አሉኝ እንጂ ተደበቅ አላሉኝም።» ክንዳቸውን አስለቅቀው ገብተው ተቀመጡ።

«አርባ ስድስት!» አለች ሚዛን፣ ከፊት እስከ ኋላ እስኪሰማ።

መምህሩ ከድምፁ በፊት እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። ንግግራቸው ሰሚ አገኘ፤ ሰደርያውን ቀዛፊው ሳይሆን የጀልባው ባለቤት እንዲገዛ የሚል ማሻሻያ ገባ። ድምፅ ሲሰጥ ግን እጃቸውን ለተቃውሞ አወጡ። «ሌላ ሦስት ነገር አልወደድኩለትም!» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። አርባ ሦስት ድጋፍ፣ ሁለት ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ። ሕጉ አለፈ።

ሚዛን ቢሮዋ ገብታ አባቷ ጋ ደወለች።

«አለፈ አባባ። የተቃወሙት ሁለት ብቻ ናቸው።»

«እነማን ናቸው ደግሞ?»

«አንዱ መምህሩ። እሳቸው ባይገቡ ግን ዛሬ አያልፍም ነበር።» ነገሩን ከሥሩ አጫወተቻቸው።

አባቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንግዲያው እኚህን ሰውዬ በነፃ ነው የማሻግራቸው፤ ሰደርያውንም እኔው ነኝ የማስርላቸው።»

ስልኩን ዘግታ ለርእሰ መስተዳድሩ ፊርማ የሚላከውን ንጹህ ቅጂ መተየብ ጀመረች።