በሩ ላይ ስህተት አለ

ትንሣኤ በሠራው ጨዋታ ውስጥ ነጭ ቆብ ያደረገውን ሰውዬ በአራት መንገድ መግደል ይቻላል፤ በገጀራ፣ በጥይት፣ በድንጋይ፣ አለዚያም ጉድጓድ ውስጥ ገፍትሮ። አራተኛው በተጫዋቾች ጥያቄ የተጨመረ ነው።

ጨዋታው ገና ለሙከራ የወጣ ነው፤ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ተጫዋቹ አንድ ወጣት ሆኖ፣ ታጣቂ የገባበትን የቆላ ከተማ ከገበያው እስከ ወንዙ ያቋርጣል። ማንን እንደሚያድን፣ ማንን ጥሎ እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚገድል ራሱ ይመርጣል፤ እንደ ምርጫውም ጉልበቱና ስሙ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ትንሣኤ ቀን ቀን ሞባይል እየጠገነ፣ በተረፈው ሰዓት በአሮጌ ላፕቶፕ ሁለት ዓመት ለፍቶበታል። ያስተማረው የለም። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ በፍላሽ ገልብጦ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ጌም ቤት ለከፈተው ለተፈራ ሰጠው። ተፈራ በስድስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ጫነለትና አንድ ደብተር በክር አስሮ ከጠረጴዛው አጠገብ አንጠለጠለ። የተጫወተ ሁሉ አስተያየቱን ይጽፋል፤ ስህተት ያገኘም ስህተቱን።

ሰው ደግሞ ለአስተያየት አይሰስትም። አንዱ፣ ዋናው ልጅ ሲሮጥ ነፍሰ ጡር ይመስላል አለ። ሌላው የወንዙን ውሃ ሻይ አስመሰልከው ብሎ ተሳደበ፤ የሮቢ ወንዝን በክረምት አይቶት አያውቅም ማለት ነው። የቀሩት ግን የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ደም። ገጀራው ሲያርፍ ደም አይረጭም። የሚሞተው ሰው ቶሎ ይሞታል፣ ትንሽ ይጩህ። እጅ ለብቻው ይቆረጥ። ትንሣኤም እሁድ እሁድ ደብተሩን እያነበበ የጠየቁትን ጨመረላቸው። ደሙ ተረጨ፣ ጩኸቱ ረዘመ፣ እጁም ለብቻው ወደቀ። ይህን ሁሉ ሲሠራ አልከበደውም፤ እንዲያውም ቀለል ይለው ነበር።

ነጭ ቆብ ያደረገው ሰውዬ ለትንሣኤ ተራ የጨዋታ ሰው አልነበረማ። ጎረቤቱ ጋሽ አብዱልሃዲ ነበሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ታጣቂዎች ሰፈራቸው የገቡ ቀን፣ ታላቅ ወንድሙ አማኑኤል የተገደለው እሳቸው በር ላይ ነው። በሩን የማያውቅ የለም፤ አረንጓዴው ቀለም አልበቃ ብሎ ግማሹ ሰማያዊ የተቀባ የቆርቆሮ በር ነው። ትንሣኤ ያን ቀን ወፍጮ ቤት ተደብቆ ውሎ፣ ተኩሱ ሲበርድ ወጥቶ ወንድሙን እዚያ በሩ ሥር አገኘው። በሆዱ ተደፍቷል። ማጅራቱ በገጀራ ተከፍቷል። አንድ እጁ ተዘርግቶ የበሩን ጠርዝ እንደያዘ ቀርቷል። በሩ ግን ዝግ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ከዚህ በላይም ነበር። ጋሽ አብዱልሃዲ ለቅሶ አልመጡም። በዚያ ሰፈር ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ ድንኳን ይተክላል፣ እስላም ሲሞት ክርስቲያኑ መቃብር ይቆፍራል፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ለቅሶው ላይም የሟች እናት ልጇን መጨረሻ ያየውን ሰው ፊቷ አስቀምጣ «ምን አለ?» ብላ ትጠይቃለች። ያ ሰው የሰማውን እንዳለ ይናገራል፤ እዚያ ላይ የዋሸ ልጁ አያድግለትም ይባላል። የትንሣኤ እናት እትዬ እመቤት ሦስት ቀን ሙሉ የድንኳኑን መግቢያ እያዩ ጠበቁ። የመጣ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሰውየው ምን ፊት ይዞ ይምጣ፣ አለ። ትንሣኤም አመነ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላቸው፤ የጥላቻው ብዛት አንዳንድ ቀን እህል ያስተወው ነበር።

በጨዋታው ውስጥ ወንድምየው እየሮጠ መጥቶ በሩን ይደበድባል፤ ነጭ ቆብ ያደረገው ሰውዬ በቀዳዳ አይቶት ይቀረቅርበታል። ትንሣኤ አንድ ነገር ብቻ አላስገባም። ያን ቀን ከጆንያ ኋላ ተወሽቆ ለአማኑኤል ደውሎ ነበር፤ ድረስልኝ አለው። አማኑኤል «መጣሁ» ብሎ ዘጋው። ይህን ጥሪ ለማንም አልተናገረም፣ ለእናቱም ጭምር። ወንድሜ ያኔ መንገድ ላይ ነበር፤ ብደውልም ባልደውልም ያ በር ነው የገደለው፣ ይል ነበር ለራሱ።

ተጫዋቾቹ በሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሀይሉ የሚባል ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ፣ እሱም ያን ቀን አጎቱን የቀበረ፣ ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፈ፤ በሩን የማቃጠል ምርጫ ይጨመርበት። ይህ አምስተኛው መንገድ ትንሣኤን ስምንት ቀን ፈጀበት። ቤንዚን በሃይላንድ፣ ክብሪት፣ እየቀለጠ የሚንጠባጠብ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ የሚጮህ ሰው። ለጩኸቱ የገዛ ድምፁን ቀዳ። ሀይሉ ያችን ክፍል በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ተጫወታት። ተፈራ አንድ ቀን ትንሣኤን ለብቻው ጠርቶ፣ ልጆቹ ከዚህ ሲወጡ የሰውየውን ግቢ በድንጋይ እየደበደቡ ነው፣ ይሄ ነገር ጨዋታነቱ ቀርቷል አለው። ትንሣኤ፣ እኔ ድንጋይ አላቀበልኳቸውም፣ ብሎ መለሰለት። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው በጥፊ ነበር መባል ያለበት፤ ተፈራ ግን ገር ሰው ነው፣ ወደ ኮምፒውተሮቹ ተመለሰ።

አንድ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ውሻውን ሁሉ ጥላ ሥር በዘረረበት ሰዓት፣ ትንሣኤ ደብተሩን ሊያይ ጌም ቤት ገባ። ተፈራ የጋሽ አብዱልሃዲ ልጅ ነዒማ መጥታ እንደነበር ነገረው። ሴት ልጅ እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም። ከጎረምሶቹ መሀል ቁጭ ብላ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫወተች፤ ነጭ ቆብ ያለውን ሰውዬ አንድም ጊዜ አልነካችም። ከዚያ ደብተሩን ስባ ሁለት ገጽ ሞልታ ወጣች።

«በሩ ላይ ስህተት አለ» ይላል የመጀመሪያው መስመር። «ጨዋታህ ውስጥ ይዘጋበታል። የዚያን ቀን ተከፍቶለታል። አማኑኤል ከጧቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እኛ ቤት ነበር። እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ አልጋ ሥር ጎን ለጎን ተኝተን ነበር። ሁለት ጊዜ መጡ። ሁለቱንም ጊዜ አባቴ ከቤተሰቤ በቀር ሰው የለም ወላሂ ብሎ መለሳቸው። በሁለተኛው በሰደፍ አፉን መቱት፤ ሦስት ጥርስ የለውም፣ ጨዋታህ ላይ ግን ጥርሱ ሙሉ ነው። ከዚያ ስልክ ጠራ። የደወልከው አንተ ነህ። አባቴ አትወጣም ብሎ ሸሚዙን ያዘው፤ ሸሚዙ ተቀዶ እጁ ላይ ቀረ፣ እሱ ወጣ። ደጅ ላይ ነበሩ። ሲመቱት ሊመለስ በሩን ያዘ። አባቴ ሊጎትተው ሲል አፈሙዝ ደረቱ ላይ ደግነው ወደ ውስጥ ገፈተሩትና በሩን እነሱ ከውጭ ዘጉት። ለቅሶ ያልመጣው እናትህ መጨረሻ ምን አለ ብለው እንደሚጠይቁት ስለሚያውቅ ነው። ቢናገር አንተን ከእናትህ ይለይሃል። ለገዳይ በሐሰት ምሏል፤ ለእናት ግን መዋሸት አይሆንለትም። እሱ ልጅ ነው ብሎ ሦስት ዓመት ስድብህን ቻለ። እኔ ልጅ አይደለህም ብዬ ጻፍኩልህ።»

ትንሣኤ ደጋግሞ አላነበበውም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ውሸት ነው ሊል ፈለገ፤ ግን ስለ ጥሪው ለሰው ተናግሮ አያውቅም፣ እሷ ከየት ታመጣዋለች? አፈረ። ማፈር ብቻ አይደለም፣ ራሱን ፈራ። ተፈራ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲጠራው ነው የተነሣው፤ በሰፈራቸው በኩል ጥቁር ጭስ ወደ ላይ ቆሟል። ሀይሉ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሃይላንድ ቤንዚን ይዞ ሲሄድ የሱቁ ሰው አይቶታል።

ሮጠ። ሲደርስ በሩ እየነደደ ነበር። እንደ ሣለው አልነበረም፤ ቆርቆሮው አይቀልጥም፣ ቀለሙ እየተኮማተረ ይላጣል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ከግቢው ውስጥ የሚሰማው ጩኸትም የሴት ነው። ጋሽ አብዱልሃዲ ባልዲ ውሃ ይዘው እሳቱን ሊያጠፉ ወጥተው ኖሮ ባልዲው ተገልብጧል፣ እሳቸውም ጭቃው ላይ ወድቀዋል። ሀይሉ በፌሮ ብረት ጀርባቸውንና ራሳቸውን ይመታል። አንደኛው ልጅ ጭንቅላታቸው ላይ ሊለቅ ድንጋይ በሁለት እጁ አንሥቷል፤ ፊቱ ላይ ጌም ቤት ውስጥ ትንሣኤ ሁልጊዜ የሚያየው ፈገግታ አለ።

ትንሣኤ ሄዶ ሽማግሌው ላይ ተደፋባቸው። ድንጋዩ ትከሻው ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር በጆሮው ሰማው። ፌሮው ግንባሩን ሰነጠቀውና ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በደኅናው እጁ ያገኘውን ድንጋይ አንሥቶ የሀይሉን ጉልበት ደጋግሞ መታው፤ ሀይሉ ተጥመልምሎ አጠገቡ ወደቀ። ተሳስቻለሁ፣ ሰውየው አልዘጉበትም፣ እያለ ጮኸ። ልጆቹ ግራ ተጋቡ።

ሀይሉ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ አየው። «አንተ ነህ ያሳየኸን» አለው። «እንዴት እንደሚደረግ ጭምር።»

ይሄኔ ጎረቤት በየአቅጣጫው እየጮኸ ደረሰ። አሸዋ የሚበትን በተነ፣ ሁለቱ ልጆች አመለጡ፣ ነዒማ በከሰለው በር ወጥታ የአባቷን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አደረገች። እትዬ እመቤትም መጡ። ደም የለበሰ ልጃቸውን አይተው ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቆሙ። ወደ ሽማግሌው ዞሩና ሦስት ዓመት የያዙትን ጥያቄ ጠየቁ።

«ጋሽ አብዱልሃዲ፣ ልጄ መጨረሻ ምን አለዎት?»

ጋሽ አብዱልሃዲ ዓይናቸውን ወደ ትንሣኤ ላኩ፤ ከዚያ ወደ መሬት። አፋቸው ደም ሞልቷል፤ ባይሞላም የሚናገሩ አይመስሉም ነበር።

«ይንገሩሽ እማ» አለ ትንሣኤ። «እሳቸው ቤት ተሸሽጎ ነበር። እኔ ነኝ ደውዬ ያስወጣሁት።»

እትዬ እመቤት አልጮኹም። ዓይናቸውን ከሽማግሌው ላይ ሳያነሡ ጠበቁ። ጋሽ አብዱልሃዲ ደሙን ተፉና፣ ሦስት ዓመት ያስቀመጡትን ለባለቤቱ አስረከቡ።

«አትውጣ ብዬ ያዝኩት፣ እትዬ እመቤት። ‹ልቀቁኝ፣ ብቻውን ሲሆን ይፈራል› አለኝ።»

እትዬ እመቤት ነጠላቸውን አወለቁ። ከጎናቸው ተንበርክከው የጋሽ አብዱልሃዲን ራስ አጥብቀው አሰሩ፣ ነዒማን ከወዲያ በኩል ያዢልኝ አሏት፣ ሰውየውን ደግፈው አነሡና ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ትንሣኤ ደሙን እየጠረገ ቆሞ እናቱ ዞራ ታየኝ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። አልዞሩም።