የሞግዚቷ ፋኖስ

ሎሬታ ግሪግስ አንድ እጇን መድረክ ላይ በምትጫወታት ሞግዚት ቀሚስ እጅጌ ውስጥ እንዳስገባች ቀጥ ብላ ቀረች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከታሊያ መልበሻ ክፍል፣ የራሷ ቃል ይሰማታል።

"ልጆቼ ሁሉ ተኝተዋል፤ መብራቱን እኔ አጠፋለሁ።"

አንዴ ጮክ ብሎ፣ ከዚያ ረገብ ብሎ፣ ከዚያ ደግሞ በለቅሶ።

ልብስ የምታለብሳት ፐርል በከንፈሯ የያዘቻቸውን መርፌ ቁልፎች አወጣች። "ያቺ ልጅ ምን ነካት? የመጨረሻው ቃል እኮ ነው! ደግሞስ ያንቺ አይደለም እንዴ?"

"የእኔ ነው" አለች ሎሬታ።

"ቆይ፣ ቁልፉን ልዝጋልሽ። እንዲህ ሆነሽ በኮሪደሩ ብትሄጂ ብርድ ይመታሻል።"

እዚህ ባልቲሞር፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተነስቶ የራሱን አዳራሽ እስከ መሥራት በደረሰው የጥቁሮች የቴአትር ቡድን ውስጥ፣ የአንድ ተውኔት የመጨረሻ ቃል በልምምድ አይነገርም። ተመልካች ባልተቀመጠበት ከተነገረ ተውኔቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ማታ የሚቀርበው ሬሳው ነው ይባላል። ስለዚህ ልምምዱ እዚያ ሲደርስ የመድረክ ሥራ አስኪያጁ ያጨበጭባል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታሊያ ከቴሌቪዥን የመጣች ናት፤ ይህን ማን ይንገራት? ልጅ ናት፤ ጭንቀቷን ማስወጫ አጥታ ነው ጮክ ብላ የተለማመደችው።

ልማዱን ያመጣችው የሎሬታ እናት ነበረች። በዚያ በክፉው የሥራ አጥነት ዘመን፣ መንግሥት ለጥቁር ተዋንያን ቴአትር ከፍቶ ደመወዝ በከፈለበት ጊዜ፣ የድሮዎቹን የእንግሊዝ ተውኔቶች ተማረች። በኋላ ያ ተዘጋ። ሌሎቹ ትልልቅ መድረኮች ደግሞ ለእሷ ዓይነቱ የሚሰጡት ገረድነት ብቻ ነበር። ዛሬ ማታ የሚከፈተውን ይህንኑ ተውኔት የነጮቹ ቡድን ሲያዘጋጅ፣ ንጉሡን ያሳደገችውን ሞግዚት እንድትሆን ጠሯት። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ሞግዚቷ ናት መጨረሻ ላይ በሬሳዎች መሀል ቆማ የምትናገረው። ግን ቃሉን ቆርጠው ለአንድ ነጭ መስፍን ሰጡት። እሷ አጠገቡ ፋኖስ ይዛ፣ አፏን ዘግታ ቆመች። እንዲህ ቆማ የተነሳችው ፎቶ አሁን በዚህ አዳራሽ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል፤ ታሪኩን ከሥሩ የጻፈው አዘጋጁ ዴርዊን ነው።

ሎሬታ የታሊያን በር አንኳኳች።

"ሚስ ሎሬታ! ይግቡ፣ ይግቡ።" ልጅቷ ወንበሯን ለቀቀችላት። "ድምፄ ረበሸዎት እንዴ?"

"ያንን ቃል ማን ሰጠሽ?"

ታሊያ ፊቷ ተለዋወጠ። "ዴርዊን ነዋ። እርስዎ እኮ ነዎት ይውሰዱልኝ ያሉት።"

"እኔ?"

"እንደዚያ ነው ያለኝ። መርሳት ጀምራለች፣ ሰው ፊት እንዳታፍር ራሷ ለምናኛለች፣ እንዳታነሺባት አለኝ። እኔማ አይሆንም ብዬው ነበር…" እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አላሉትም?"

ሎሬታ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ይህን ሌላ ለማን ለማን ነግሮ ይሆን? ሰሞኑን መብራት የሚሠራው ሰውዬ ደረጃ ስትወጣ ክንዷን የያዛት ለዚህ ነው? ትናንትስ የቡድኑ ጸሐፊ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ የደጋገመችላት?

"አላልኩም" አለች። "ተቀመጪ አንቺ። ያንቺ ጥፋት አይደለም። ውኃ ጠጪበት።"

ዴርዊን አዳራሹ ውስጥ፣ መሀል ረድፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጢሙ ሸብቷል፤ ለእሷ ግን አሁንም ያ ካፖርት ሳይኖረው በታኅሣሥ ብርድ ወደ ምድር ቤቱ የመጣው ልጅ ነው። የባሏን ካፖርት አሳጥራ ያለበሰችው እሷ ናት። ስንኝ እንዴት እንደሚተነፈስ፣ የለንደን ሰው ሳይመስሉ፣ በገዛ አንደበት፣ የድሮውን እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚናገሩት ያስተማረችው እሷ ናት። እሷን በወጣትነቷ አስተማሪዎቿ ቡሽ በጥርሷ አስነክሰው አንደበቷን ሊቀይሩ ሞክረው ነበር፤ እሱ ላይ ያ እንዳይደርስ ነበር ድካሟ።

"ማማ ሎ!" አለ ሲያያት። "መኮሮኒዬስ? ረሳሁት እንዳትዪኝ።"

ተውኔት በሚከፈትበት ቀን ሁሉ በአይብ የተጋገረ መኮሮኒና ጎመን ታመጣለታለች። ካላመጣችለት አይበላም፤ ካልበላ ደግሞ ራሱን ያመዋል።

"አልረሳሁም። እኔ አልረሳም። የመጨረሻውን ቃል ማነው የሚለው?"

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ማን ነገረሽ?"

"ግድግዳው።"

"ማታ ከመጀመሩ በፊት ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ? ፋኖሱን አንስቼ ከወጣሁ በኋላ?"

"ተይ እንጂ ማማ ሎ። ቡድኑን በገንዘብ የሚረዱት ሰዎች መጨረሻ ላይ የታሊያን ፊት ማየት ይፈልጋሉ። ተመልካቹም ቢሆን የሚመጣው እሷን ብሎ ነው። ምን ላድርግ?"

"ይህንን ብትነግረኝ ይገባኝ ነበር። ተጣልቼህ፣ አኩርፌህ፣ ግን ይገባኝ ነበር። ትረሳለች ያልከውስ?"

መነጽሩን መልሶ አደረገ።

"ዴርዊን።"

"በሁለተኛው ሳምንት ስንኝ ዘለልሽ።"

"ትኩሳት ነበረብኝ! ሾርባ ይዘህ የመጣኸው አንተ አይደለህም? ትራሴን ማን ነው ያስተካከለው?"

"ልጅቷ ያንቺን ቃል አልወስድም አለች። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።"

"እና አእምሮዬን አሳልፈህ ሰጠህ።"

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ቃሉ በልምምድ እንደማይነገር ታውቃለህ። እኔ እንደ ሞኝ እስከ ዛሬ ማታ አፌን ዘግቼ እንደምጠብቅ ታውቃለህ። በእናቴ ልማድ ነው የተደበቅክብኝ። ፎቶዋን በር ላይ ሰቅለህ!"

"ያ ሌላ ነው። ያኔ ነጮች ነበሩ የነጠቋት። ታሊያ የእኛው ናት።"

"አንተም የእኛው ነህ" አለች ሎሬታ።

የመድረክ ሥራ አስኪያጁ ለመጨረሻው ልምምድ ጠራ። ዴርዊን ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፤ አልፋው ብቻዋን ደረጃውን ወጣች።

ልምምዱ እንደ ወትሮው ሄደ። ሎሬታ አንድ ስንኝ አላጎደለችም። ንጉሡ ሞተ፤ ወንድሞቹም ሞቱ። ንግሥቲቱን የምትጫወተው ታሊያ ከዙፋኑ አጠገብ ተንበርክካለች፤ ዓይኗ ከወለሉ አይነሳም። ሎሬታ ፋኖሱን ይዛ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች። ከመጨረሻው ቃል በፊት ያሉትን ስንኞች ተናገረችና ቆመች። የመድረክ ሥራ አስኪያጁ ለማጨብጨብ እጁን አነሳ።

"ቆይ" አለችው።

ፐርል ከመጋረጃው ጀርባ "ሎሬታ፣ ተይ! በእግዚአብሔር!" ስትል ተሰማ።

አዳራሹ ባዶ ነው። ወንበሮቹ ላይ ካለው ዴርዊን በስተቀር ማንም የለም። እሱን ትክ ብላ አየችው፤ ካፖርት ያለበሰችውን ልጅ።

"ልጆቼ ሁሉ ተኝተዋል" አለች፤ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሰው በቤቱ እንደሚናገረው ነው የተናገረችው። "መብራቱን እኔ አጠፋለሁ።"

አጠፋችው።

ሞቶ የተኛው ንጉሥ እንኳ ቀና ብሎ አያት።

"ምን አደረግሽ?" አለ ዴርዊን ብድግ ብሎ። "ዛሬ እኮ ነው የሚከፈተው! አንቺ? አንቺ ትዪዋለሽ?"

"እንዳልረሳሁት ሁሉም ሰው ይስማ ብዬ ነው። አሁን ለፈለግከው ስጠው።"

"ማታስ? ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?"

"የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ አላሳፍራቸውም። ንጉሡ እስኪሞት እጫወታለሁ። ሲሞት ዓይኑን እጨፍንለትና እወጣለሁ። ለሌላ ሰው ቃል ፋኖስ ይዤ አልቆምም፤ እናቴ ቆማለች፣ ይበቃል።"

ወደ ታሊያ ዞረች። ልጅቷ እያለቀሰች ነበር።

"ሚስ ሎሬታ፣ እኔ አልለውም። ይውሰዱት።"

"አንቺ ባትዪው ለሌላ ይሰጠዋል። ነይ።" ፋኖሱን አስያዘቻት። የልጅቷን ጣቶች ከፋኖሱ ጆሮ አላቅቃ ከታች ወደ መቀመጫው አወረደችላት። "እንዲህ። በጆሮው ካንጠለጠልሽው የእጅሽን አንጓ ያምሻል፤ ከባድ ነው። ስታጠፊው አትቸኩዪ።"

ወደ መልበሻ ክፍሏ ስትመለስ ዴርዊን ከኋላዋ ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። መግባት የሚፈልግ ይመስላል፤ ፊቱ ገርጥቷል፤ ቁርስም ሳይበላ ነው የዋለው፣ ያስታውቅበታል። ሎሬታ አየችው። አንጀቷ አልጨከነም፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ከቦርሳዋ የመኮሮኒውን ሳህን አወጣች፤ እስካሁን ይሞቃል። ክዳኑን ከፈተችና በፐርል ፊት አስቀመጠችው።

"ሹካ አምጪ፣ እንብላ" አለቻት። "ታሊያንም ጥሪያት፤ በባዶ ሆዷ መድረክ እንዳትወጣ።"

ፐርል በሩ ላይ ወደቆመው ሰው አየት አድርጋ ጠየቀች፦ "ስንት ሹካ?"

"ሦስት" አለች ሎሬታ።