ሞቆ የጠበቃት ሞተር

የሺእመቤት ከኪዳን እንደተመለሰች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ መዳፏን በሴቼንቶ ታክሲዋ የኋላ ክዳን ላይ አሳረፈች። ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። ክረምቱ የኮልፌን ግቢ አጥሩንም ደረጃውንም አረስርሶታል፤ ይህች አንዲት ብረት ብቻ ሞቃለች። ፊቷ ፈካ።

"አምሐ፣" አለች ወደ ቤቱ ዞራ።

ታናሽ ወንድሟ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና እንደ ልማዱ ጎንበስ አለላት።

"መድኃኔዓለም ከክፉ ይሰውርህ። መንገዱን ያቅናልህ። የደከምክበትን ይባርክልህ።"

"አሜን፣ እቴቴ።"

ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ጠዋቷ እንዲህ ነበር የሚጀመረው። ሟቹ ባሏ ተክለማርያም ታክሲውን ሳያሞቅ ከግቢ አስወጥቶ አያውቅም። ብርድ ያደረበት ሞተር ዘይቱ ታች ተኝቷል፣ ዘይቱ ሳይዳረስ ዳገት ካስወጡት ብረት ብረትን ይበላዋል ይላት ነበር። አስነስቶት ቁርሱን ይበላል፤ በልቶ ሲጨርስ ክዳኑን በመዳፉ ዳስሶ፣ እንደ ልጅ ግንባር ለብ ሲልለት ነው ማርሽ የሚያስገባው። የሺእመቤት መንዳት አትችልም። ከመኪና የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ባሏ ሞቶ መኪናዋን ለአምሐ ስታስረክበው ሌላውን ሁሉ ለእሱ ትታ፣ ሳያሞቅ ላይነዳ አስምላው ነበር።

በሌላው ጊዜ ራሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ሞተሩ ሲንተከተክ ታዳምጣለች። በፍልሰታ ግን ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስለምትሄድ፣ አምሐ ማሞቁን የምታረጋግጠው ስትመለስ በመዳፏ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ለሚመለሱት ሴቶች ሁሉ ስለ ወንድሟ ታወራለች። እናታቸው ስትሞት ከጎጃም በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው ልጅ ነው። አስተምራዋለች፣ መንጃ ፈቃድ አስወጥታለታለች። አሁን ደግሞ ጾሙ ሲፈታ ሊብሬውን በስሙ ልታዞርለት ወስናለች። ዘመዶቿ ያለሽ ይህችው መኪና ብቻ ናት፣ አትልቀቂ ቢሏትም አልሰማቻቸውም። ለአምሐም ነግራዋለች፤ ጉልበቷን ስሞ አመስግኗታል።

የዚያኑ ቀን እኩለ ቀን ላይ መኪናዋ ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ቆማ፣ ተገፍታ ሰይፈዲን ጋራዥ መግባቷን ሰማች። ምሳ ሳትቀምስ ወደዚያው ሄደች።

የሰይፈዲን ጋራዥ ከቆርቆሮ የተሠራ ጠባብ ቤት ነው። ከመግቢያው የ1964 ዓ.ም. የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ፀሐዬ የሚባል የታክሲ ሹፌር ተራውን እየጠበቀ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ሰይፈዲን ሞተሩን ፈቶ ጨርሷል። አምሐ ግድግዳው ጥግ ቆሞ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

ሰይፈዲን በትሕትና ተናገረ። ፒስተኖቹ ተጫጭረዋል፣ ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ይቃጠላል። ለፋሲካ አድሶት የነበረ ሞተር ገና ለዓመታት መሥራት ነበረበት አላት። ከዚያ ወደ አምሐ ሳያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይሞቅ እየተነዳ ነው አለ፤ ያውም በጭነት።

የሺእመቤት ፊቷ ጋለ። "ይህን በእኔ ወንድም ላይ አትናገር። በየጠዋቱ በገዛ እጄ ነው የምዳስሰው። አንድ ቀን ቀዝቅዞ አላገኘሁትም።"

"ሙቀቱንማ ያገኙታል፣ እትዬ የሺ። እኔ የምጠይቀው፣ ቆሞ ነው የሞቀው ወይስ ሮጦ?"

"መኪናዋም ሱባኤ ገብታ ይሆናል፣" አለ ፀሐዬ ከጎማው ላይ እየሳቀ። "ሳይነጋ ስትወጣ እያየኋት፣ ከእትዬ ጋር ኪዳን የምታደርስ መስሎኝ ነበር።"

አምሐ ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። አንተ ደግሞ ወሬህ አያልቅም ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሳቀም። የሺእመቤት በመኪናዋ በር አንገቷን አስገባች። የኋላ መቀመጫውን ሰይፈዲን አንሥቶታል። ወለሉ ላይ ሁለት ክብ የዝገት ምልክቶች አሉ፣ ከወለሉም የኮመጠጠ ወተት ሽታ ይወጣል። ሽታውን ታውቀዋለች። ባለፈው ቅዳሜ አምሐ የአንዲት ፈረንጅ ልጅ ጡጦ ደፋብኝ ብሏት፣ በጾም አፏ አፍንጫዋን ይዛ መቀመጫውን በሳሙና አጥባው ነበር።

ቀና ስትል የዝናብ ልብስ የደረበ ጎልማሳ በሩ ላይ ቆሟል። ቤቷ ሄዶ ጋራዥ ናት ብለውት ነው የመጣው። ገሜዳ እባላለሁ፣ ሳንሱሲ ሰፈር ላሞች አሉኝ አለና ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። እርስዎ በመኪናዎ እንዲጫን ባይፈቅዱ ኖሮ ወተቴን ለውሻ ነበር የምሰጠው። ጾሙ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ መግዛት ተወ። የቀረኝ ፈረንጆች የሚያርፉበት ሆቴል ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ፈረንጆቹ ለቁርስ ሳይቀርቡ ካልደረሰ አይቀበሉም።"

"ፈቀደች ያለህ ማን ነው?"

"አምሐ ነዋ። እህቴ ራሷ ቀስቅሳኝ ነው ለኪዳን የምትሄደው ብሎኛል።" ገሜዳ የወንድሟን ሥራ ያመሰገነላት መስሎት ቀጠለ። "አነዳዱን ቢያዩት ይገርምዎታል። ሁለቱን ቢዶን ጭኖ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወጣው። ረጋ በል ስለው፣ እህቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ማግኘት አለባት ይለኛል።"

ገሜዳ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ተመለከተ፣ ባርኔጣውን መልሶ ደፋና የነገው ወተት ሌላ መላ እንደሚፈልግለት አጉተምትሞ ወጣ። ፀሐዬም አሁን አይስቅም። ሲጋራ ልግዛ ብሎ ተከተለው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። የሺእመቤት ወደ ወንድሟ ቀረበች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ማድረግም አትችልበትም።

"ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"ወተት ነው፣ እቴቴ። በፍልሰታ እሺ ትይኛለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

"ማሞቁስ?"

አምሐ መሬት መሬቱን አየ። "ቆሜ ካሞቅኳት ቀድሜሽ አልመለስም። ሰው እንዳይሰማ ከግቢው በቁልቁለቱ ሳላስነሳ ነው የማወጣት፤ ከዚያ በኋላ ጊዜ የለም።"

ስለዚህ በየጠዋቱ መዳፏ ሥር ያገኘችው፣ እሷን ለመቅደም የተሮጠ ሩጫ ሙቀት ነበር። ሞተሩ እየተበላ፣ እሷ ከላዩ ሆና እግዚአብሔርን ስታመሰግን ከረመች።

"እጄን እዚያ ላይ አሳርፌ ስመርቅህ፣" አለች፣ "ምን ትል ነበር?"

"አሜን ነዋ።"

"በልብህስ?"

አምሐ ለራሱ ብቻ እንዳላደረገው፣ ጥቂት ሲጠራቀም ሊነግራት እንደነበር፣ ጾሙ እስኪፈታ ልጠብቅ ብሎ እንደነበር ተናገረ። ሐሳቡ እውነት ሊሆን ይችላል። የሺእመቤት ግን ከእንግዲህ የትኛው እውነት እንደሆነ በምን ዳስሳ እንደምታውቅ አላወቀችም። ማታ ራቱን ታቀርብለታለች፣ መኝታው እዚያው ነው፤ ወንድሟ ነው። እነዚህን ነገሮች በልቧ አንድ በአንድ ለየቻቸው፤ መኪናዋን ከእነሱ ጋር አላስቀመጠቻትም።

ሰይፈዲን እጁን በጋዝ አጥቦ መጣ። ሞተሩ እንደሚድን፣ ነገር ግን ጾሙ ተፈቶም ጥቂት እንደሚቆይ ነገራት። ከዚያ አመነታ።

"ሲያልቅ ለአምሐ ላስረክበው?"

አምሐ ቀና አለ። የሺእመቤት እጇን ዘርግታ ቁልፉን ከጣቱ ላይ አወለቀችና ለሰይፈዲን ሰጠችው።

"አንተው ጋ ይቀመጥ። ሹፌርም ፈልግልኝ።"

"ከዘመድ ወይ ከአገር ሰው እርስዎ ያሰቡት ካለ ይሻላል፣ እትዬ የሺ። የሚያውቁት ሰው ቢሆን።"

"አይሆንም፣" አለች ነጠላዋን ለዝናቡ እየተከናነበች። "የማላውቀው ሰው ይሁን።"